አሮጌው ብስክሌትና ልጃችን



እኛ ታክሲ ነጂዎች ሌሊት ሠርተን ቀን የምንተኛ በመሆናችን፣ ልጆቻችንን የምናያቸው ተኝተው ነው። በአማርኛ ስንጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል። ዩኒቨርሲቲ የቆየንባቸው ዓመታትም ለዚህ መድኃኒት አላስተማሩንም።

በእኛ ቤት መድኃኒቱ ጎረቤት ሊጥለው ካወጣው ዕቃ መካከል ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ሽዊን የሠራው አሮጌ ብስክሌት ነበር። ልጃችን «አዲስ ግዙልኝ» ብሎ አኮረፈ። እኛ ግን በየእሑዱ ከእሱ ጋር ለጥገና ተቀመጥን። ካቴናውን በላምባ አጠብን፤ የዛገውን ቸርኬ በኮምጣጤ ፈተግን፤ ጎማዎቹን ለወጥን። ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘውን ፍሬን ፈትተን ስንገጥም ግን አንዲት ብረት ተረፈችን። ለካስ ልጁ ስንፈታ እያየ በወረቀት ሥሎት ኖሮ ቦታዋን አሳየን!

በአራተኛው እሑድ «አባዬ፣ ካቴናው ላልቷል» አለን፤ በአማርኛ። ቃሉን እኛ ከጣሊያንኛ ተውሰነው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኛ ወሰደው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በወር አንድ እሑድ አባቶች መፍቻ፣ ልጆች የተበላሸ ዕቃ ይዘን እንገናኝ። የሚጠገን አይጠፋም።