ከሌሊት ፈረቃ መልስ



አቃቂ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። ሠራተኛው ንጋት ላይ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ጋደም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ይነቃል። ዓይኑ ተገልጧል፤ ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ይሰማዋል፤ እጁን ግን ማንቀሳቀስ አቅቶታል። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር ተቀምጦበታል። አንዳንዱ ከዚህም ያለፈ ይነግራችኋል፦ «ከአልጋዬ ብድግ ብዬ ወደ ጣሪያው ተንሳፈፍኩ፤ ቁልቁል ሳይ የተኛሁት እኔው ነኝ።»

ስሙን እናውቀዋለን፤ ዱካክ ነው።  ይህን የሚናገር ሰው ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ መንፈስ ለክፎታል ተብሎ ይፈራል። በሁለቱም መንገድ «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ይቀበራል፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰውየው የነገረን ያየውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሳይንስ ሊጠና ይችላል ወይ ብትሉኝ፣ ይችላል፤ እየተጠናም ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል። ባያስር ኖሮ ሕልማችን ውስጥ ስንሮጥ ከአልጋ በወደቅን ነበር። አንዳንዴ ንቃት ቀድሞ ይመጣል፣ እስሩ ግን ገና አልተፈታም። ትንፋሽ የሚያግዙት የደረት ጡንቻዎችም አብረው ስለታሰሩ ደረት ይከብዳል። ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011፣ 35 ጥናቶችን አሰባስበው ከ36 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎችን መረጃ ሲደምሩ፣ ከመቶ ሰው ወደ 8 የሚሆነው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ይህ ደርሶበታል። ተማሪዎች ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ 28 ነበር። እንቅልፍ ማጣትና የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓት ያባብሱታል። የሌሊት ፈረቃ ማለት ደግሞ ሁለቱም ናቸው።

መንሳፈፉስ? በ2002 ጄኔቫ ውስጥ ኦላፍ ብላንከ የተባለ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ የሚጥል በሽታ ያለባትን የ43 ዓመት ሴት ለቀዶ ሕክምና ሲመረምሩ፣ የቀኝ አንጎሏን አንድ ቦታ በደካማ ኤሌክትሪክ ነኩት። መጀመሪያ «አልጋው ውስጥ እየሰመጥኩ ነው» አለች። ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ከአልጋው በላይ ተንሳፍፋ ራሷን ተኝታ አየች፤ ያየችው ግን እግሯንና የታችኛውን አካሏን ብቻ ነበር። በ2007 ሄንሪክ ኤርሶን የተባለ ተመራማሪ ጤነኛ ሰዎችን መነጽር አድርጎላቸው የገዛ ጀርባቸውን በካሜራ እንዲያዩ አደረገ። ደረታቸውንና ከካሜራው በታች ያለውን ባዶ ቦታ በአንድ ጊዜ በዘንግ ሲነካ፣ ሰዎቹ ከራሳቸው ኋላ የተቀመጡ መሰላቸው። ወደዚያ ባዶ ቦታ መዶሻ ሲሰነዝር ያላባቸው እነሱ ናቸው።

«እሺ፣ ነገር ግን ነፍስ በእርግጥ ወጥታስ ቢሆን?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳም ፓርንያ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ15 ሆስፒታሎች ታካሚዎች በሚተኙባቸው ክፍሎች ከፍ ያለ መደርደሪያ ሰቅለው፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ብቻ የሚታይ ሥዕል አስቀመጡ። ልባቸው ቆሞ ከነበረ 2,060 ሰዎች 330ዎቹ ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ፤ 140ዎቹ ተጠየቁ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ሥዕሉን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በዙሪያው ይደረግ የነበረውን በትክክል የተናገረ አንድ ሰው ነበር፤ የእሱ ልብ የቆመው ግን መደርደሪያ ባልተሰቀለበት ክፍል ነው። ውጤቱ አንጀት አያርስም፣ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ዳኛ ፊት ሊቆም የሚችል ጥያቄ ስለነበር አከብረዋለሁ። የነፍስን ነገር ለካህኑና ለሼኹ ትቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ እንደ ዱካክ ሲነገር ወይ ወደሚሳቅበት ወይ ወደሚፈራ ሌላ ነገር፣ ወደ ቀልብ እንምጣ። ከቃሊቲ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ነባር ሾፌር ድንገት ዳር ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ምንም አልሰማም። «ቀልቤ ነገረኝ» ይላል ሾፌሩ። ሞተሩ ሲከፈት ቺንጋው ሊበጠስ ደርሷል። ይህ ምትሐት አይመስለኝም፤ ጆሮው ለዓመታት የሰበሰበውን አፉ ሊያብራራው ስላልቻለ ነው። በ1997 ተመራማሪዎቹ አንትዋን ቤቻራ፣ አንቶኒዮ ዳማዚዮና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ከ4 ክምር ካርታ አስመረጧቸው፤ ሁለቱ ክምሮች የማታ ማታ የሚያከስሩ ናቸው። ወደ 10 ካርታ ገደማ ከተሳበ በኋላ እጅ ወደ ክፉው ክምር ሲዘረጋ መዳፍ ማላብ ጀመረ። ሰዎቹ ጥርጣሬያቸውን በአፋቸው የተናገሩት ወደ 50ኛው ካርታ አካባቢ ነው። በ2004 ማያና ማክሌላንድ ጥያቄውን አጥብቀው ሲጠይቁ ግን፣ ሰዎቹ ከተባለው ቀድመው ያውቁ እንደነበር አገኙ። ክርክሩ በዚህ መልክ ይቀጥላል፤ ደስ የሚለኝም ይሄው ነው።

ዳንኤል ካነማንና ጋሪ ክላይን በቀልብ ጉዳይ ተቃራኒ ጎራ የያዙ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2009 አብረው ሲጽፉ በሁለት ነገር ተስማሙ፦ ቀልብ እንዲታመን ሥራው የሚደጋገም ሥርዓት ሊኖረው፣ ሠራተኛውም ስህተቱን ቶሎ እያየ የሚማርበት ዕድል ሊያገኝ ይገባል። የሾፌሩ ሞተር ሁለቱንም ያሟላል፤ የሎተሪ ቁጥር አንዱንም አያሟላም። ገና ያልሆነውን አስቀድሞ ስለማወቅ ደግሞ ዳሪል ቤም በ2011 ማስረጃ አለኝ ብሎ ነበር። በዓመቱ ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ከሙከራዎቹ አንዱን ደግመው ምንም አላገኙም።

እኛስ? ቡታጅራ ላይ የአእምሮ ጤና ጥናት ቤት ለቤት እየተዞረ ተሠርቷል፤ ሙያው አገራችን ውስጥ አለ። ዱካክንና ቀልብን ማጥናት ለመጀመር ለአንድ ፈረቃ ሠራተኞች ደብተር ቢታደላቸው ይበቃል። ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ዱካክ መጣ ወይስ አልመጣም፣ ከአልጋ ተነስተው ተንሳፈፉ ወይስ አልተንሳፈፉም ይጻፉ። ቀልባቸው አንድ ነገር ከነገራቸው ነገሩ ከመሆኑ በፊት ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙበት፤ የሳተውም ሳይሠረዝ ይቆይ። ወር ሲሞላ የሚቆጥረው ሌላ ሰው ይሁን። ይህን የሚያስተባብር አንድ የጤና ባለሙያ ከተገኘ፣ አቃቂ ላይ ሠራተኛው አለ፣ ፈረቃው አለ፣ ዱካኩም አለ።