ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት መጽሐፍ ስለ ማንበብ



በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ስለ አንዲት ታናሽ ሥራ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ይህችውም ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት ያለ ደመወዝ መጽሐፍ ማንበብ ናት።

እኛ ፊደሉን፥ አቡጊዳውን፥ መልእክተ ዮሐንሱንና ዳዊቱን ስንማር አፋችን ይቀድም፥ ልባችን ከኋላ ይከተል ነበር። ይህ ሥርዓት ብዙ ሊቃውንትን ያፈራ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን አስቀድሞ ተረት የተነበበለት ሕፃን ወደ ፊደል የሚቀርበው በመጽሐፍ ውስጥ ደስታ እንዳለ ዐውቆ ነው። በ1995 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ የከፈቱት የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

የአንባቢውስ ዋጋ ምንድር ነው? ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጅብ ፍየሊቱን አታሎ የበላበትን ተረት ለሕፃናት አነበብሁና እንደ ልማዴ የፍየሊቱን ሞኝነት ነቀፍሁ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ግን፥ «እረኛው የት ሄዶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰምና ወርቅ ስፈታ የኖርሁ ሰው መልስ አጣሁ። ከጉባኤዬ የኰበለሉትን ተማሪዎች ሰነፎች እያልሁ ስነቅፍ መኖሬም በዚያች ሰዓት ትዝ አለኝ፤ እረኛቸው እኔ ነበርሁና።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ በቀረ ቀን ወደ ማደሪያው ሄጄ እጠይቃለሁ። ይህንንም ያስተማረችኝ ፊደል ያልቈጠረች ሕፃን ናት። ስለዚህ ማንበብ የምትችሉ ሁሉ በሳምንት አንዲት ሰዓት ለሕፃናት ስጡ፤ ስታነቡም ጥያቄያቸውን ታግሣችሁ ስሙ።