ስለ መፈለጊያ ሞተር መለዋወጥና ስለ ድረ ገጾች ቅደም ተከተል
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያገኛል። ውርጌሳ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ስለ ኢንተርኔት መፈለጊያ ልናገር ተነሥቼ ከውርጌሳ መጀመሬ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን የዚህ ነገር ጥቅሙም ጉዳቱም አጥርቶ የሚታየው ከትልቁ ከተማ ይልቅ በትንሹ ከተማ ስለ ሆነ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

እንበልና ከውርጌሳ አጠገብ ያለ የአንድ ገበሬ ማሽላ በአቀንጭራ ተይዟል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ፣ አበባው ያማረ ግብሩ የከፋ አረም መሆኑን በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የገበሬው ልጅ የእጅ ስልኩን አውጥቶ «አቀንጭራን ከማሽላ ማሳ እንዴት ማጥፋት ይቻላል» ብሎ ይጠይቃል። በዚያው በሐብሩ ወረዳ የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል አለ፤ በማሽላም ላይ፣ አቀንጭራን በሚቋቋም ዘርም ላይ ለብዙ ዓመታት የተደከመበት ቦታ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ድካም ውጤት በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሊቃውንት ለሊቃውንት በሚጽፉበት መጽሔት ነው። ስለዚህም ልጁ በአማርኛ ሲጠይቅ፣ መልሱ በወረዳው ውስጥ ሳለ፣ ከሩቅ የመጣና ማን እንደ ጻፈው የማይታወቅ ነገር ቀድሞ ይቀርብለት ይሆናል።

እንግዲህ ይህን የሚያስቀድም፣ ያንን የሚያስቀር ማን ነው?

በቀድሞው ዘመን ግብር በሚበላበት አዳራሽ አጋፋሪ ነበር። አጋፋሪው እያንዳንዱን እንግዳ በደጅ ተቀብሎ፣ ማዕርጉን አይቶ፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ያስቀምጠዋል። የዛሬው መፈለጊያ ሞተርም እንደዚሁ አጋፋሪ ነው። ልዩነቱ እንግዶቹ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች መሆናቸውና የማዕርጉ ሥርዐት በየጊዜው መለዋወጡ ነው። ይህን ሥርዐት አልጎሪዝም ይሉታል፤ አንድን ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለማስኬድ የተደነገገ የስሌት ደንብ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው ሊቅ ከአልኽዋሪዝሚ ስም ነውና የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉግልን ሲያቋቁሙ የያዙት አሳብ የእኛን የሸንጎ ሥርዐት ያስታውሰኛል። ይኸውም ስለ ራሱ ከሚናገረው ባለጉዳይ ይልቅ ሌሎች የሚመሰክሩለት ይታመናል፤ ከምስክሮቹም መካከል ራሱ የተመሰከረለት ሰው ቃል የበለጠ ይከብዳል የሚል ነው። አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው በማስፈንጠሪያ ሲመራ እንደ መሰከረለት ይቈጠራል።

ሸንጎ ባለበት የሐሰት ምስክር አይጠፋም። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ማስፈንጠሪያ በገንዘብ የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሡ፤ አንዱን ጽሑፍ ሺሕ ጊዜ እየገለበጡ ሺሕ ገጽ የሚያቆሙም መጡ። ስለዚህ ጉግል በየካቲት 2011 ፍሬ የሌላቸውን ገጾች ወደ ታች የሚያወርድ ማሻሻያ አወጣ፤ ስሙንም ፓንዳ አሉት። በሚያዝያ 2012 ደግሞ ፔንግዊን የተባለው መጥቶ የተገዙትን ምስክሮች መረመረ። ትናንት በፊት ገጽ ላይ የነበረ የንግድ ቤት ዛሬ ማንም በማይደርስበት ገጽ ላይ ተገኘ። በአውሬና በወፍ ስም የተጠሩ ደንቦች የሰውን እንጀራ እንዲህ ይቈርጣሉ ብሎ ማን ገምቶ ነበር! በሚያዝያ 2015 የመጣው ማሻሻያ በስልክ ላይ በቀላሉ የማይነበበውን ገጽ በስልክ በሚደረገው ፍለጋ ወደ ኋላ መለሰ። ይህ ለውርጌሳው ልጅ ደግ ነገር ነበር፤ እርሱ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የለውምና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። ደረጃው የወረደበት ሁሉ አጥፍቶ የተቀጣ ይመስለዋል። ጉግል በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያወጣቸው ሰፋፊ ማሻሻያዎች ግን ገጾቹን ሁሉ እንደገና ይመዝናሉ እንጂ አንዱን ገጽ ለይተው አይቀጡም። ተማሪ በፈተና 80 አግኝቶ ከክፍሉ 2ኛ ወጣ እንበል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ 80 አግኝቶ 6ኛ ቢሆን ልጁ ሰነፈ ማለት አይደለም። ሌሎች በርትተዋል፣ ወይም መምህሩ የሚያርምበትን ሚዛን ለውጦታል። ይህን ያልተረዳ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ድረ ገጻችን ለምን ወረደ ብሎ በባለሙያው ላይ ይቈጣል፤ ባለሙያውም ተደናግጦ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሠላሳ ጊዜ ይደጋግማል። ይህ መደጋገም በመፈለጊያው ሕግ ራሱ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ፤ የእኛ ችግር በይበልጥ የሚገኘው ከዚህ ነውና።

ፊደል ስንቈጥር ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እየተባለ ተምረናል። በግእዝ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ነው። በአማርኛ ግን ድምፁ አንድ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ልማዱ ይጽፋል። ሰው ሲያነበው አይቸገርም። መኪና ግን «ሐብሩ» እና «ሀብሩ» ሁለት የተለያዩ ቃላት አለመሆናቸውን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። የውርጌሳም ስም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በሳድሱ «ው»፣ ሌላው በካዕቡ «ዉ» ይጀምረዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አንዱ በደብልዩ ሌላው በዩ ስለሚነሣ፣ ኡርጌሳ ከሚባለው የሰው ስም ጋራ ይደባለቃል። ጎረቤቷ ውጫሌም ጣልያኖቹ በዩ ጀምረው ስለ ጻፏት የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ናት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን፤ በቃል ልዩነት የሚመጣውን ጣጣ ለዚያ አገር ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ከቃላችን ጋራ የሚጣበቁት ትንንሽ ፊደላት ናቸው። «ከውርጌሳ»፣ «ለውርጌሳ»፣ «የውርጌሳ»፣ «በውርጌሳ» እያልን እንጽፋለን። ለጥንቱ መፈለጊያ እነዚህ አራት ባዕድ ቃላት ነበሩ። በጥቅምት 2019 ጉግል በርት የተባለውን አዲስ ዘዴ በእንግሊዝኛ ሲጀምር ያቀረበው ምሳሌ ይህንኑ የሚመለከት ነበር። አንድ ብራዚላዊ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገው እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ የቀድሞው ዘዴ «ወደ» የምትለዋን ቃል ንቆ ወደ ብራዚል ለሚሄዱ አሜሪካውያን የተጻፈውን ያመጣለት ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዘዴው ከ70 ለሚበልጡ ቋንቋዎች ሲዳረስ አማርኛም ከእነርሱ ጋራ ተቈጠረ። «ከውርጌሳ ወልድያ» እና «ከወልድያ ውርጌሳ» የሚለያዩት በአንዲት «ከ» ቦታ ብቻ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሆነ ሆኖ መኪናው ቋንቋ የሚማረው ከተጻፈው ነው። ስለ ውርጌሳ በብዛት የተጻፈው ምንድን ነው? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በዚያ አካባቢ ውጊያ ስለ ነበረ ስሟ በዓለም ዜና ተሰማ። ከዚያ በፊት ስሟን ያልጠራ ጋዜጣ ሁሉ በዚያ ወራት ጠራው። መፈለጊያውም ምስክር የሚቈጥር ነውና ስለ ከተማይቱ ለሚጠይቀው ሁሉ ያንን የጦርነት ወሬ ቢያስቀድም አይፈረድበትም። በውርጌሳ ተወልደው፣ ተምረው፣ ነግደው የሚኖሩት ሰዎች ግን ያንን ወር ብቻ አልኖሩም።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛውን በምን ይመለከተዋል ይባል ይሆናል። ባለጉዳዩ ዛሬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ከመምጣቱ በፊት የሚያንኳኳው የመፈለጊያውን ደጅ ስለ ሆነ፣ እጅግ ይመለከተዋል። ማስታወቂያ እንዴት እንደምናወጣ እንመልከት። ደብዳቤው ይጻፋል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይለጠፋል። ማኅተሙ ለሰው ዓይን ክብር ነው፤ መፈለጊያው ግን በጠማማ ፎቶግራፍ ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ አሟልቶ ያነበዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። በሌላ በኩል አንድ የግል ሰው ያንኑ ማስታወቂያ በፊደል ገልብጦ፣ ምናልባትም አጉድሎ፣ በራሱ ገጽ ላይ ያወጣዋል። መፈለጊያውም የተነበበለትን ያስቀድማል። ባለጉዳዩ የጎደለውን አንብቦ፣ የጎደለ ማስረጃ ይዞ፣ ከውርጌሳ ደሴ ድረስ ተሳፍሮ ይመጣል። በመስኮቱ በኩል «ይህ አይበቃም፤ ተመለስ» የሚለው ያው ማስታወቂያውን በፎቶግራፍ ያወጣው መሥሪያ ቤት ነው። የመኪና ኪራዩን ማን ይከፍለዋል?

የቈዩ ሰነዶችም አሉ። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ቦታ እስኪሰጠው ድረስ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደላችንን በራሱ መንገድ ያስቀምጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልቀረም። በእነዚያ ፕሮግራሞች የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ሲለጠፍ፣ በወረቀት ላይ አማርኛ የነበረው ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆንበታል። መለወጫ መሣሪያ አለ፤ ሥራው አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም።

ሌላም የባሰ አለ። የድረ ገጽ ስም ዋጋ እየተከፈለ በየጊዜው የሚታደስ ነው። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ክፍያው ተረስቶ ስሙ ሲያልፍ፣ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። የገዛውም መሥሪያ ቤቱ በዓመታት ያከማቸውን ምስክርነት ሁሉ ይወርሳል፤ በዚያ በከበረ ስም የቁማር ማስታወቂያ ቢሰቅልበት ባለጉዳዩ በምን ይለየዋል? ጉግል በመጋቢት 2024 ባወጣው ደንብ ይህን ዓይነቱን ውርስ በስም ጠርቶ ከለከለ። ከደንቡ ጋራ የወጣው ሰፊ ማሻሻያ ተዳርሶ እስኪያልቅ 45 ቀን ፈጅቷል። ደንቡ አጭበርባሪውን ከጊዜ በኋላ ያወርደው ይሆናል፤ የጠፋውን ስም ግን ለመሥሪያ ቤቱ አይመልስም።

የውርጌሳውን ልጅ አልረሳሁትም። ከግንቦት 2024 ወዲህ ጉግል በአሜሪካ ጀምሮ፣ ከገጾቹ ዝርዝር በላይ መኪናው ራሱ ያጠናቀረውን መልስ ማስቀመጥ ይዟል። ይህም ቢሆን የሚያጠናቅረው ከተጻፈው ነው። አልጎሪዝሙ አሥር ጊዜ ቢሻሻል ያልተጻፈውን ከየት ያመጣዋል? ስለ አቀንጭራ የሚበቃው ምክር ሁለት ገጽ አይሞላም፦ የትኛው ዘር ይቋቋመዋል፣ ከማሽላው ቀጥሎ ምን ይዘራል፣ አረሙ አብቦ ዘሩን ሳይበትን መቼ ይነቀላል። ይህ በንጹሕ አማርኛ፣ «አቀንጭራ» በሚለው ገበሬው በሚያውቀው ስም፣ «ሐብሩ» እና «ውርጌሳ» የሚሉት ስሞች ሳይቀሩ፣ ጸሐፊውና የተጻፈበት ቀን ተገልጾ በአንድ የወረዳ ወይም የክልል መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ቢወጣ፣ በአማርኛ የሚወዳደሩት ገጾች ብዙ አይደሉምና ልጁ ዘንድ የመድረስ ተስፋ አለው። ጽሑፉን ለማዘጋጀት አንድ የግብርና ባለሙያና አንድ ጸሐፊ ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅባቸውም። ማሽላው በሚያዝያ ይዘራል፤ አቀንጭራው ከመሬት በላይ ብቅ የሚለው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።