ጭነትና ዕረፍት፦ የጀማሪ ሯጭ መሰናክል በመሐንዲስ ዓይን
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የመሐንዲስ ሥራ በአመዛኙ ከጠረጴዛ ጋር የተቆራኘ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ በርካታ ባለሙያዎች አንድ ቀን ሐኪም ፊት ቀርበው «ተንቀሳቀስ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሩጫ ይጀምራሉ። ከጀመሩት መካከል ደግሞ ጥቂት የማይባሉት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ያቋርጣሉ። የሚያቋርጡት ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጉዳት ሲደርስባቸው «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለው ስለሚፈርዱ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ፍርድ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱንም ከማንም አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው መሐንዲስ መሆኑን ማሳየት ነው።

ለዚህም በአዲስ አበባ የሚኖር የአንድ መሐንዲስ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። ሰውየው የ36 ዓመት ጎልማሳ፣ የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያ ነው። አባቱ ገና በሥራ ላይ ሳሉ በልብ ሕመም አርፈዋል። የእርሱም የደም ግፊት ከፍ ማለቱ በተነገረው ጊዜ ነገሩን እንደ ቀላል ሊያልፈው አልቻለም። በነሐሴ ወር መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳያቆም፣ በጃን ሜዳ መሮጥ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዙር ሳይጨርስ ትንፋሹ ተቆራረጠ። በአራተኛው ሳምንት ግን 5 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ ሮጠ። ደስታው ልክ አልነበረውም። እሑድ እሑድ የ9 ዓመት ልጁም አብሮት ይሮጥ ጀመር። በኅዳር ለሚካሄደው ለ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ራሱ ተመዝግቦ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 12 ባልደረቦቹን አግባብቶ አስመዘገበ።

ከመስቀል በዓል በኋላ በግራ ቅልጥሙ ላይ አንዲት ነጥብ ታመው ጀመር። ለማንም አልተናገረም። አሥራ ሁለት ሰው ከኋላው አሰልፎ «እግሬን አመመኝ» ማለት እንደ ውርደት ታየው። ቅልጥሙን በጨርቅ አሰረ፤ የሕመም ማስታገሻ እየዋጠም ሮጠ። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ማለዳ እግሩ ክብደቱን አልሸከምም አለ። ሐኪሙ መርምረው አጥንቱ በተደጋጋሚ ጭነት መሰንጠቅ መጀመሩን፣ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት መሮጥ እንደሌለበት ነገሩት። ውድድሩ አንድ ወር አልቀረውም ነበር። ያን ዕለት ማታ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወረ። ልጁ «እሑድ አንሄድም?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ አልሰጠውም።

በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ጉዳይ ገጠመው። በሚቆጣጠረው የሕንፃ ሥራ ላይ ተቋራጩ አርማታ በተሞላ በሰባተኛው ቀን የሶሌታውን የባሕር ዛፍ ድጋፍ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቀ። መሐንዲሱ እያነከሰ ወደ ቦታው ሄዶ በቁጣ ከለከለ። አርማታ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ጥንካሬውን እንዳልያዘ፣ ውኃ እየጠጣ 28 ቀኑን መጠበቅ እንዳለበት አስረዳ። ፎርማኑ፣ ብዙ ሕንፃ ያቆሙ አዛውንት፣ ንግግሩን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ወደ እግሩ ተመለከቱና፣

«ኢንጂነር፣ ለሶሌታው 28 ቀን ሰጡት። ለእግርዎ ስንት ቀን ሰጥተውት ነበር?» አሉት።

መሐንዲሱ የሚመልሰው ቃል አጣ።

የፎርማኑ ጥያቄ ከቀልድ ያለፈ ነበር። አንድ ሰው ሩጫ ሲጀምር ልቡና አተነፋፈሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሻሻል ያሳያሉ። አጥንትና ጅማት ግን እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። አጥንት አዲስ ጭነት ሲመጣበት አስቀድሞ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፤ ቀጥሎም በአዲስ ይሞላዋል። ይህ የማፍረስና የመገንባት ዑደት ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል ይወስዳል። በመካከሉ አጥንቱ ከቀድሞው ይልቅ ለጊዜው የደከመ ይሆናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሹ «ጨምር» በሚልበት ሰዓት አጥንቱ ገና በግንባታ ላይ ነው።

የጭነቱም መጠን በቀላሉ ይሰላል። በደቂቃ 160 ጊዜ የሚረግጥ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚጨርስ ጀማሪ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ 5,600 ጊዜ፣ ይኸውም በእያንዳንዱ እግር 2,800 ጊዜ መሬት ይመታል። በሳምንት አራት ቀን ቢሮጥ አንዱ እግር 11,200 ጊዜ ይጫናል። የእያንዳንዱ እርምጃ ጭነት ከሰውየው ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ160 ኪሎ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጭነት ለሙያው ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ አቅራቢያ የአንድ ባቡር የመንኰራኵር ዘንግ ተሰብሮ በርካታ ሰዎች አልቀዋል። አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይሆን ብረት፣ በአነስተኛ ነገር ግን በተደጋጋሚ ጭነት የሚሰበርበትን ምክንያት በፈተና መርምሮ ያስረዳው ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ቮለር በፕሩሲያ የባቡር ዘንጎችን በሚመረምርበት ዘመን፣ ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የሚያደርጉ ወታደሮች እግር የሚያብጥበትንና የሚታመምበትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1855 ጽፎ ነበር። የሕመሙ ምንጭ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የራጅ መሣሪያ ሲገኝ ነው። ብረቱም አጥንቱም የተጎዱት በአንድ ሕግ ነው። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ብረት የተሰነጠቀበትን ራሱ አይጠግንም፣ አጥንት ግን ዕረፍት ከተሰጠው ይጠግናል። እንግዲህ ዕረፍት ከሥራው የወጣ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ ግንባታው የሚካሄደው በዕረፍቱ ውስጥ ነው።

ማቆም የድፍረት ተቃራኒ ነው የሚል ቢኖር፣ የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ያስታውስ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ፣ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በእግሩ ጉዳት ምክንያት በ17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ውድድሩን አቋርጦ ወጥቷል። ድሉን ለአገሩ ያስገኘው ማሞ ወልዴ ነው። የአበበም ክብር በዚያ ቀን አልተቀነሰም። ያን ጊዜ እርሱም የ36 ዓመት ሰው ነበር።

ወደ መሐንዲሱ እንመለስ። በዚያ ሳምንት ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ጠረገና በቦታው አስቀመጠው። በውድድሩ ቀን ከልጁ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ለ12ቱ ባልደረቦቹ ውኃ አቀበለ። «አንተስ?» ብለው ሲጠይቁት «ዘንድሮ ጥገና ላይ ነኝ» አላቸው። ይህን ለማለት 10 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ የበለጠ ጉልበት እንደጠየቀው ኋላ ተናግሯል።

ስምንቱ ሳምንት እስኪያልፍ በሐኪሙ ፈቃድ በዋና ልቡን አሠራ። ከዚያም ሠላሳ ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ መቻሉን አረጋገጠ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ እየሮጠ አራት ደቂቃ እየተራመደ፣ ቀን እየዘለለ ጀመረ። ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አብሮ አልጨመረም። የሥራ መዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ የየዕለቱን ርቀት፣ እንቅልፍና ስሜት በደብተር ጻፈ። ሁለቱን የሕመም ዓይነቶችም መለየት ተማረ። በጡንቻው ሁሉ ተሰራጭቶ በሁለት ቀን የሚጠፋው የልምምድ ድካም ነው። በአጥንት ላይ በአንዲት ነጥብ ተወስኖ በእርምጃ ወይም በሌሊት የሚሰማው ግን ቁም የሚል ምልክት ነው፤ ሐኪምም ይሻል። ይህን ምልክት በማስታገሻ ዝም ማሰኘት የግፊት መለኪያውን ነቅሎ ሞተሩን እንደማሠራት ይቆጠራል።

በሚያዝያ ወር 5 ኪሎ ሜትር እንደገና ሮጠ። ከነሐሴው ሩጫው በአራት ደቂቃ ዘግይቶ ነበር፤ እግሩን ግን አላመመውም። የደም ግፊቱን ዛሬም በየወሩ ይለካል። ልጁም እሑድ እሑድ ሦስተኛው ዙር ላይ ቀድሞት እየሄደ ዞሮ ይጠብቀዋል።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፤ ከእናንተ መካከል በመጀመሪያው ስንጥቅ ምክንያት ጫማውን አልጋ ሥር የወረወረ ቢኖር፣ በአንድ ሕንፃ ላይ ስንጥቅ ሲያይ የሚያደርገውን ለራሱም ያድርግ። መሐንዲስ ስንጥቅ ስላየ ብቻ ሕንፃውን አያፈርስም፤ በቀለም ሸፍኖም አያልፈውም። ጭነቱን ያነሣል፣ መንሥኤውን ይመረምራል፣ ይጠግናል፣ ከዚያም ጭነቱን በመጠኑ ይመልሳል። ለአርማታ የሚሰጠውን ትዕግሥት ለገዛ አጥንቱ የሚነፍግበት ምክንያት የለም።