ኪቱ ያላየው ወባ

(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከተመረቅሽ ወዲህ የተማርሽውን አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። አንድ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆላው በኩል ስሠራ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት። ፈጣኑን የወባ ምርመራ አዘዝኩ፤ ኔጌቲቭ ሆነ። «እናት፣ ወባ የለበትም» ብዬ ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱን ስቶ ተመለሰ። እናቲቱ አልተቆጣችኝም። «ዶክተር፣ የለበትም ብለውኝ አልነበር?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ኪቱን ደገምነው፤ አሁንም ኔጌቲቭ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ግን ስላይድ ሠርቶ ማይክሮስኮፕ ላይ ካየ በኋላ ጠራኝ። ፋልሲፓረም ሞልቶታል! ልጁ በአርቴሱኔት መርፌ ተረፈ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ።

በዚያ ልጅ ደም ላይ የዘረመል ምርመራ አልተደረገም። ነገሩ ግን ወደ አንደኛ ዓመት ባዮሎጂ መለሰኝ።

አብዛኞቹ የፋልሲፓረም ኪቶች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ጥገኛ ተህዋሱ ሲራባ ግን አልፎ አልፎ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ተቆርጦ ይቀራል። ተህዋሱ ያለ እሱም መኖር ይችላል። ትኩሳት ያለበት ሁሉ የወባ መድኃኒት ይሰጠው በነበረበት ዘመን፣ ጂኑ ያለውም የሌለውም እኩል ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት «ከሕክምና በፊት ምርመራ ይቅደም» ሲል መከረ። ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ኪቱ ብቻውን ፈራጅ በሆነበት ቦታ፣ ጂኑ ያለው ይታያል፣ ይታከማል፣ ይሞታል፤ የሌለው «ኔጌቲቭ» ተብሎ ከበሽተኛው ጋር ቤቱ ይገባል፣ ትንኝ ታነሳዋለች፣ ዘሩ ይቀጥላል። ወባው ብልጥ ሆኖ አይደለም። መራጮቹ እኛ ነን።

ሁሉም ለውጥ ግን ከምርጫ አይመጣም። የዚህ ጂን መጥፋት መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ነው። እዚያ ዋናው መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ስለነበር ኪቱን ተጠያቂ ማድረግ ያስቸግራል። በትንሽ ሕዝብ ውስጥ አንድ ባሕርይ እንዲሁ በዕድል ሊበዛ ይችላል። ወደ እኛ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤርትራ የማስጠንቀቂያ ደወል ተሰማ። በ2021 የታተመውና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት ደግሞ፣ በኤችአርፒ2 ላይ የተመሠረተ ኪት ከፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 በመቶ የሚሆኑትን በዚህ ምክንያት እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት ቀይሩ የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። በተህዋሱ ዘረመል ላይም የቅርብ ጊዜ ጠንካራ ምርጫ አሻራ ታይቷል።

እስቲ የተማሪነት ጊዜያችንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ቀርቶ ፋንሲዳር ገባ፤ በ2004 ደግሞ ኮአርተም ተካው። እኛ የመድኃኒቶቹን ስም ሸመደድን እንጂ «ለምን ተለዋወጡ?» ብለን ብዙም አልጠየቅንም። ዝግመተ ለውጥ የፈተና ምዕራፍ ነበር፤ ዋርድ ስንገባ ከደብተሩ ጋር ጥለነው ገባን።

ስለዚህ መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ በራውንድ ላይ መድኃኒት ወይም ምርመራ ሲያዙ፣ «ይህ ትእዛዝ ማንን ይገድላል? ማንንስ ያስተርፋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ጓደኞቼ ሆይ፣ የምንመራቸው ጤና ተቋማት ውስጥ ማይክሮስኮፑ አቧራ እንዳይለብስ፣ አንባቢውም ሥልጠና እንዳይቋረጥበት። ኤልዲኤች የሚፈልጉ ኪቶች አሉ፤ ተህዋሱ ያለዚያ ኤንዛይም መኖር ስለሚከብደው በቀላሉ አይጥለውም። ያም ሆኖ በሽተኛውና ኪቱ ካልተስማሙ በሽተኛውን እንመን።

እኔ ዛሬ «የለበትም» አልልም። «ምርመራው አላሳየም፤ ትኩሳቱ ካልተወው ነገ ይዘሽው ነይ» ነው የምለው። ያቺ እናት ያስተማረችኝ ይህን ነው።