ኮንክ፥ በዱርዱ ወንዝ ሸለቆ ያለች መንደር

የጂኦግራፊና የታሪክ ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠራው የታላላቅ ከተሞችና የታላላቅ ነገሥታት ስም ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ነው። ስሟ ኮንክ ይባላል፤ በደቡብ ፈረንሣይ፥ ቀድሞ ሩዌርግ ይባል በነበረው፥ ዛሬ ግን አቬይሮን በሚባለው አገር ትገኛለች። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኡሽ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ጠባቡን ገደል ሰንጥቆ ወርዶ ከዱርዱ ወንዝ ጋራ ይገናኛል። መንደሪቱም ከዚሁ መገናኛ በላይ በተራራው ጐን ላይ ተለጥፋ የተሠራች ናት። ዱርዱ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ሎት ይገባል፤ ሎትም ወደ ጋሮን፥ ጋሮንም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈሳል። ስሟ የወጣው «ኮንካ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ይኸውም ዛጐል ማለት ነው። ሸለቆው እንደ ዛጐል ክብና ጐድጓዳ ስለ ሆነ እንዲህ ተባለች ይላሉ። ቤቶቹ በዳገቱ ላይ ተደራርበው ስለ ቆሙ፥ የላይኛው ሰው ደጅ ከታችኛው ሰው ጣራ ጋራ ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል። ጣራቸውም ሣር ወይም ቈርቈሮ አይደለም፤ በዚያ ተራራ እንደ ጣውላ እየተሰነጠቀ የሚወጣ ግራጫ ድንጋይ ነው።

በሬ ጠምዶ ለማረስ የሚመች ሜዳ በዚያ የለም። የጥንት ሰዎች በዳገቱ ላይ እርከን እየሠሩ ወይን ተከሉ፤ የቀረውን ረኃብ ደግሞ ሻቴኝ በሚባለው የዱር ፍሬ አስታገሡ። ይህን ፍሬ በጢስ በሚደርቅበት ጐጆ አድርቀው ለክረምት ያስቀምጡታል፤ ዛፉንም የእንጀራ ዛፍ ይሉታል። እነዚህን የማድረቂያ ጐጆዎች አድማጭ በልቡ ይያዛቸው፤ ኋላ በታሪኩ ተመልሰው ይመጣሉና።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ድኻ ስፍራ፥ ከወለሉ እስከ ጣራው 22 ሜትር የሚሆን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ተሠራ?

በ8ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ዳዶን የሚባል ባሕታዊ ወደዚህ ገደል መጥቶ ተቀመጠ፤ ሌሎችም ተከተሉትና ገዳም ሆነ። በ819 ዓ.ም. የሻርልማኝ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሉዊ ለገዳሙ ርስት ሰጠ። ነገር ግን መንገደኛን የሚስብ የቅዱስ ዐፅም ገዳሙ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ደግሞ ያለ ዐፅም ገዳም አይከብርም ነበር። በአዣን ከተማ ግን በዲዮቅልጥያኖስ ስደት የሞተች የቅድስት ፉዋ ዐፅም ነበረ፤ ፉዋ ማለት በቋንቋቸው እምነት ማለት ነው። ከኮንክ አንድ መነኩሴ ወደ አዣን ተላከና ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተቀመጠ፤ ታምኖም የመቃብሯ ጠባቂ ሆነ፤ በ866 ዓ.ም. ገደማም ዐፅሟን ይዞ ወደ ኮንክ ተመለሰ ተብሎ ይነገራል። የኮንክ መነኮሳት ይህን ነገር «ፍልሰት» ብለው ጻፉት። ዳሩ ግን ታማኝ መስሎ ኖሮ የሚጠብቁትን ይዞ መሄድ፥ በማናቸውም ቋንቋ ስሙ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዝብ ይጐርፍ ጀመር። ከእንጨት ተቀርጾ ወርቅ የተለበጠ፥ 85 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቅድስት ፉዋ ምስል ተሠራ። በ1013 ዓ.ም. የአንዤ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው በርናር ሊመረምር መጣ። ምስሉን ባየ ጊዜ የአሕዛብ ጣዖት መስሎት ከባልንጀራው ጋራ ሣቀበት፤ ከሕዝቡ ጋራ ተቀምጦ ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን ስለ ሣቁ ተጸጽቶ የተአምሯን መጽሐፍ ጻፈ። መምህር ሆኖ ያሰበውን መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። ቅድስቲቱ እስረኞችን ታስፈታለች ይባል ስለ ነበረ፥ የተፈቱት ሰንሰለታቸውን እያመጡ በቤተ ክርስቲያኑ ይሰቅሉ ነበር። ብረቱ በበዛ ጊዜ ቀጥቅጠው በር አደረጉት።

በዚያን ጊዜ የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር ወደሚገኝበት ወደ እስጳንያ የሚሄዱ ተሳላሚዎች፥ ከለፕዊ ከተማ ተነሥተው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው በኮንክ ያርፉ ነበር። የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን በ11ኛው መቶ ዓመት በአበ ምኔት ኦዶልሪክ ጊዜ ተዠምሮ በተከታዮቹ ዘመን ተፈጸመ። ከምዕራቡ በር በላይ 124 ምስሎች ያሉበት የፍርድ ቀን በድንጋይ ተቀርጿል። በክርስቶስ ቀኝ ጻድቃን፥ በግራው ኃጥኣን አሉ። ንፉጉ ከረጢቱ በአንገቱ ላይ እንዳለ ተሰቅሏል፤ ከኵነኔ ወገን ንጉሥም አለ፤ መነኮሳትም በመረብ ተይዘዋል። መነኮሳቱ በገዛ ደጃቸው ላይ ይህን ማስቀረጻቸው ያስመሰግናቸዋል።

ከዚህ በኋላ ክብሩ ቀዘቀዘ፤ በ1568 ዓ.ም. ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት። ከሁሉ የከፋው ግን ከ1789 ዓ.ም. በኋላ መጣ። የአብዮቱ መንግሥት የአብያተ ክርስቲያናትን ወርቅና ብር እየሰበሰበ ወደ ማቅለጫ ይልክ ነበር፤ በሌላ ስፍራ ብዙ የጥንት ሥራ በዚህ ጠፋ። የኮንክ ሰዎች ግን ንዋየ ቅድሳቱን በሌሊት አውጥተው ለየቤቱ ተካፈሉት። አንዱ በአትክልቱ ቀበረ፤ ሌላው በሻቴኝ ማድረቂያው ጐጆ ውስጥ ከፍሬው በታች ሸሸገ። ወርቁ ለአንድ ድኻ ገበሬ የዕድሜ ልክ ሀብት በሆነ ነበር። ጊዜው በረጋ ጊዜ ግን የሸሸጉትን አምጥተው መለሱ።

ይህን ሲሰሙ የኮንክ ሰዎች መላእክት እንዳይመስሉ፥ ሌላውም ይነገር። የገዳሙ መነኮሳት መኖሪያ ባዶውን በቀረ ጊዜ፥ እነዚያው ሰዎች ድንጋዩን እያፈረሱ ለቤታቸው ሥራ አዋሉት። ወርቁን የቅድስቲቱ ብለው ሲጠብቁ፥ ድንጋዩን ግን የማንም አድርገው ቈጠሩት።

በ1837 ዓ.ም. የታሪካዊ ሕንጻዎች መርማሪ ፕሮስፔር ሜሪሜ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሊፈርስ መቃረቡን ለመንግሥት አስታወቀ፤ እድሳቱም ተከተለ። በ1875 ዓ.ም. ሠራተኞች ከመሠዊያው በስተኋላ በግንብ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረውን የቅድስቲቱን ዐፅም ሣጥን አገኙ። በቅርቡም ዘመን፥ በአጠገቡ በሮዴዝ ከተማ የተወለደው ሠዓሊ ፒዬር ሱላዥ ለ104ቱ መስኮቶች ቀለም የሌለው መስተዋት ሠራላቸው፤ ሥራውም በ1994 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ቤተ ክርስቲያኑንና በዱርዱ ላይ ያለውን የተሳላሚዎች ድልድይ ከዓለም ቅርስ መዝገብ አገባቸው። መንደሪቱ በ2016 ዓ.ም. ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋራ አንድ ወረዳ ከመሆኗ በፊት የነዋሪዋ ቍጥር 300 አይሞላም ነበር። የወርቁ ምስል መኖሪያ ግን ዛሬም በዚያው፥ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ግምጃ ቤት ነው።