ዝናብ በሌለበት ክረምት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል። በዚህ ወቅት ምንባቡና መዝሙሩ ስለ ዝናብ፣ ስለ ደመና፣ ስለ ዘርና ስለ ቡቃያ ይናገራል። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ግን በእነዚሁ ወራት ሰማዩ ጠብታ አይሰጥም፤ የኮረብታው ሣር ደርቆ ቢጫ ይሆናል። ልጆች ከትምህርት ቤት ያርፋሉ፤ ብዙ ወላጆች ግን በሁለት ሥራና በሌሊት ፈረቃ መካከል፣ በ880 አውራ ጎዳና ላይ ሲመላለሱ ወራቱ ያልቃል። «ሥራው ሲቀል እናርፋለን፤ ያን ጊዜ እናስቀድሳለን» የሚለው ቃል በየቤቱ ይሰማል። ያ ጊዜ ግን ሳይመጣ ልጆች ያድጋሉ።

በኢትዮጵያ ክረምት ለገበሬው የዕረፍት ወራት አይደለም። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ ጎተራውም የሚሳሳው ያን ጊዜ ነው። ጾመ ፍልሰታ የሚውለው በዚህ ሁሉ ድካም መካከል፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ነው። ሆኖም ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ምእመናን ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ፤ ብዙዎችም ሱባኤ ይገባሉ። መንፈሳዊ ዕረፍት ሥራ ሲያልቅ የሚገኝ ትርፍ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 እግዚአብሔር በእርሻና በመከር ወራት እንኳ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ሕዝቡን አዝዟል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ደግሞ አገልጋዩ እንደ ጌታው እንዲያርፍ ሲያዝዝ፣ በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ አሳስቧቸዋል። የዕረፍት ቀን የነጻነት ምልክት ነውና።

ለዚህ ቀን አባቶች ዋጋ ከፍለውበታል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንድትከበር በመከራከራቸው ተቃውሞ ገጥሟቸው ከሀገር ወጡ፤ በአርመንም ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ጸንተው ቆዩ። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰበሰበው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወሰነ። እነርሱ ስለ ሰንበት ተሰደዱ፤ የዛሬው ስደተኛ ደግሞ በስደቱ ሰንበቱን እንዳያጣ ይጠንቀቅ።

የቴክኖሎጂ ሥራ በበዛበት በዚህ ሸለቆ ዕረፍት የስልክ ባትሪ እንደ መሙላት ይቆጠራል፤ ሰው የሚያርፈው ነገ የበለጠ እንዲሠራ ነው ይባላል። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሌላ መንገድ ያሳያል። ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ጌታም ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። እርሱም አብሯቸው ነበረ። ሕዝቡ ተከትሎ ሲመጣም ራራለት እንጂ አላባረረውም። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ዕረፍት ከጌታ ጋር መሆን ነው፤ ባልንጀራንም አይረሳም። መኪና ያለው አንዲት አረጋዊት እናትን ይዞ ወደ ቅዳሴ ቢመጣ ዕረፍቱ ሁለት ሰው አሳረፈ ማለት ነው።

ጾመ ፍልሰታ በኦገስት 7 ይጀምራል፤ የሚችል ሰው የሥራ ፈቃዱን አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥቂት ቀን ከልጆቹ ጋር ያስቀድሳል። ከሌሊት ሥራ የምትመለስ እናት ሳትተኛ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብታደርስ፣ ጸሎቱ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና አይከብዳትም። ወደ ታሆ ሐይቅ ወይም ወደ ዮሰሚቲ የሚሄድ ቤተሰብ አልበደለም፤ ጌታም ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወደ ተራራ ወጥቷል፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን፣ በዚሁ ጾም ውስጥ ይከበራል። ነገር ግን የጸሎት መጽሐፉ ከጓዙ ጋር ይታሰር።

በኦክላንድ ኮረብቶች ላይ የሚታዩት ረጃጅም የሬድዉድ ዛፎች በነዚህ ደረቅ ወራት ከባሕር የሚመጣው ጉም በቅጠላቸው ላይ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ ሥራቸውን ያርሳል። በስደት ያለ ምእመንም እንደ ሀገር ቤቱ ያለ ረጅም ሱባኤ ባያገኝ፣ በየዕለቱ የምትወርደውን ትንሽ ጠብታ አይናቃት።

ዘመነ ክረምቱን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።